ለምርቃት የመረጥኩት የጃፓን ዘፈን

እኛ ቤት ማልቀስ ክልክል ነበር። ክልክል ነው ብሎ የነገረን ሰው የለም፤ ግን እናቴም እኔም እናውቀው ነበር። ታላቅ ወንድሜ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን ከተሻገረ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ሲሄድ፣ ዳማዚን ከተማ ጥቂት ወራት ሠርቼ እመለሳለሁ ነበር ያለው። ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሰማ የለም። ድንበር ተሻግረው ከሚመጡት ነጋዴዎች አንዱ «አይቼዋለሁ፣ ጡብ ይሠራል» ይላል፤ ሌላው «እሱ አይደለም፣ የሚመስለው ነው» ይላል። አባቴ የሞተው እኔ ትንሽ ሳለሁ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

በእኛ ሰፈር፣ ከአሶሳ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው የበርታዎች ሰፈር፣ የት እንዳለ ላልታወቀ ሰው አይለቀስም። የሞተ ይለቀስለታል፤ ያለ ደግሞ ይጠበቃል። ወሬው ላልተሰማ ሰው ያለቀሰ መንገዱን ዘጋበት ይባላል። በተለይ እናትና እህት። የእናት ወይም የእህት እንባ ከታየ ሰፈሩ መርዶ መጣ ብሎ ነው የሚረዳው። ሴቶቹ ወዲያው ቶባቸውን፣ ያን ረጅም መጠቅለያቸውን ተከናንበው፣ ሁለት መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ዘርግተው፣ ለሞተ ሰው የሚቀራውን «ፋቲሃ» እያሉ ይገባሉ። አንዴ ፋቲሃ ከተቀራለት በኋላ ያ ሰው በእግሩ ቢመጣ እንኳ ሕይወቱ እንደ ድሮው አይሆንም ይላሉ። እንዲህ ተለቅሶለት የተመለሰ አንድ ሰው ዓመት ሳይሞላው እንደሞተ ሀቦባ ነግራኛለች። ሀቦባ የምንላት ከቀርከሃ አጥራችን ማዶ የምትኖረውን አሮጊት ነው። የእናቴ ዘመድ አይደለችም፤ ግን የሰፈሩ ሁሉ አያት ናት።

ስለዚህ እናቴ ሽንኩርት የምትልጠው በሩን ዘግታ ነበር። እኔም ጭስ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ፊቴን ለማንም ሳላሳይ ሮጬ እታጠባለሁ። ለምን እንደዚያ እፈራ እንደነበር አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ወንድሜ በረሃ ላይ ቢጠማ፣ ቢታመም፣ ቢታሰር ከእኔ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። እኔ ግን ሕይወቱ የእኔ ዓይን ውስጥ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ወደ ትምህርት ቤታችን አንዲት ጃፓናዊት መምህርት መጣች። ስፖርትና ሙዚቃ ታስተምረን ነበር። ቁመቷ ከእኛ ከተማሪዎቹ አይበልጥም። በአፍ እየተነፋ በጣት የሚመታ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ነበራት፤ እሱን ስትነፋ ጉንጯ ስለሚነፋ መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉ ሁሉ ይስቅ ነበር። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ትላለች። እናቴም ገበያ ስትወጣ አማርኛ የምትናገረው እንደዚያው ስለሆነ እኔ በዚህ አልስቅም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ስለ ምርቃቱ ነገረችን።

«በእኔ አገር» አለች፣ «ተማሪ ሲጨርስ ይዘፍናል። አብሮ። ከዚያ እናት ያለቅሳል። መምህር ያለቅሳል። ሁሉም ያለቅሳል። ጥሩ ምርቃት ነው።»

አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አሶሳ አካባቢ የሰፈሩ ናቸው። ምላሷ አያርፍም። «ታዲያ ቲቸር፣» አለች ጮክ ብላ፣ «ለማልቀስ ጃፓን ድረስ ምን አስኬደን? የፈተናው ውጤት ሲመጣ በነፃ እናለቅስ የለ!»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸርም ሳይገባት አብራ ሳቀች። እኔ ግን «እናት ያለቅሳል» ያለችው ጆሮዬ ላይ ቀረ።

የዘፈን ቡድኑ ውስጥ ሃያ ሁለት ሆነን ገባን። ቲቸር እኔን ከትምህርት በኋላ አስቀረችኝ። የመረጠችኝ ድምፄ አምሮ ሳይሆን ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። የጃፓኑን ቃል በአማርኛ ፊደል ትልልቅ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው ፈልጋ ነበር። ሥራው ከፈራሁት ይልቅ ቀላል ሆነ። የእነሱም ፊደል እንደ እኛው ካ፣ ኪ፣ ኩ እያለ እንደሚሄድ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እሷ ትለዋለች፣ እኔ እጽፈዋለሁ፤ መልሼ ሳነብላት እጇን አጨበጨበች። በአገሯ ያለች ልጅ ያነበበችላት ነው የመሰላት።

ከአገሯ ይዛው በመጣችው ቴፕ ውስጥ ሦስት ዘፈኖች ነበሩ። ሦስቱም ለምርቃት የሚዘፈኑ ናቸው።

«አንተ ምረጥ» አለችኝ።

«እኔ?»

«አንተ። ልብ የሚነካ የትኛው ነው? እኔ ጃፓን ነኝ፣ ሁሉም ይነካኛል። አንተ ስማ። እዚህ አገር ልብ የሚነካ የትኛው ነው?»

በሕይወቴ ምረጪ ተብዬ አላውቅም። ልብሴን እናቴ ናት የምትመርጠው፤ ወንበሬን እንኳ አጠገቤ ያለችው ልጅ ናት የመረጠችልኝ። መጀመሪያ «ያስፈልጋል?» ማለት ፈልጌ ነበር፣ አልወጣልኝም።

የመጀመሪያው ዘፈን ፈጣን ነው፤ እግር ያስመታል፣ የሰልፍ ዘፈን ይመስላል። ሁለተኛው መምህራንን የሚያመሰግን ነው አለችኝ፤ ረጅምና ለስላሳ ነው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ሦስተኛው ሲጀምር ቲቸር ተነሳች። ቃሉን በአማርኛ ማስረዳት ስላቃታት በሰውነቷ አሳየችኝ። ከእኔ አጠገብ ተነስታ በትንንሽ እርምጃ ወደ በሩ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘች። ከዚያ ሮጣ ተመለሰችና አሁን ደግሞ የቀረችውን ሰው ሆና ቆመች፤ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አርቃ ታያለች።

«ሰው ሄደ» አለች። «እኔ በር ላይ። መንገድ ሩቅ።»

ዜማው ወርዶ ወርዶ መጨረሻ ላይ ትንሽ ከፍ ይልና ይቆማል። ያን ከፍ ያለውን ቦታ እናቴ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ቁልቁል መንገዱን አይታ ከምትተነፍሰው ትንፋሽ ጋር አንድ አድርጌ ሰማሁት። ጣቴን ቴፑ ላይ አደረግሁ። «ይኼ» አልኩ።

ሌላ ነገር አላሰብኩም። ልብ የሚነካ የቱ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ የነካኝን አሳየሁ። ስህተቴ ይኼ ነው።

ልምምድ በጀመርን በሦስተኛው ቀን፣ ቃሉን ከሁሉም ቀድሜ ስለያዝኩት፣ ቲቸር «መጀመሪያውን ብቻህን ጀምር፣ ከዚያ ሁሉም ይገባል» አለችኝ። ጀመርኩ። ሁለት ስንኝ ሄድኩ። ከዚያ ሌሎቹ ሃያ አንዱ በአንዴ ከኋላዬ ሲገቡ ድምፁ ጀርባዬን ገፋኝ፤ የሆነ ነገር ውስጤ ተፈታ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቄ የያዝኩት እንባ ወረደ። ማቆም አልቻልኩም። ትከሻዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቲቸር መጥታ ጀርባዬን እያሻሸች በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ትለኛለች። ወሎዬዋ ጓደኛዬ ጠጋ ብላ «ኧረ ተይ፣ ገና ልምምድ ነው፤ ለምርቃቱ ምን ልታስተርፊ ነው?» አለችኝ።

ቀና ስል በሩ ላይ መጥረጊያ ወድቆ አየሁ። መጥረጊያው ክፍሎቹን የምትጠርገው የሰፈራችን ሴት ነው። መጥረጊያዋን ጥላ ሄዳለች።

ወዲያው ነው የገባኝ። ደብተሬን ሳልይዝ ወጣሁ። ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ የሩብ ሰዓት ነው፤ ያን ቀን ሮጬው አላልቅ አለኝ። ቀይ አፈሩ ጫማዬ ውስጥ እየገባ፣ አፌ ደርቆ፣ «ያረቢ ቀድሜያት ልድረስ» እላለሁ። አልቀደምኳትም።

ግቢያችን በሴቶች ተሞልቷል። ወደ አሥራ አምስት ይሆናሉ። ሁሉም ቶባቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ቆመዋል። አንዲቷ የለቅሶ ቤት ስኳር በፌስታል ይዛለች። መዳፋቸው ተዘርግቷል። ፋቲሃውን ገና አልቀሩትም፤ የሚጠብቁት እኔን ነው።

እናቴ መሃል ቆማለች። እጇ እስከ ክንዷ የማሽላ ሊጥ ነው። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን አላለቀሰችም።

«ምን ሰማሽ?» አለችኝ በቋንቋችን።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ብዙ ሰው ሲያየኝ ሁልጊዜ እንደዚያ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ዝምታዬ እንደ መልስ ተቆጠረ። አንዷ ሴት «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ስትል ሰማሁ።

«ማን ነገረሽ?» አለች እናቴ። «ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ነው የነገሩሽ? ሬሳው የት ነው?»

ክፍል የምትጠርገዋ ሴት ከኋላ ሆና፣ «በዓይኔ ነው ያየኋት፣ ወላሂ። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ጃፓኗ ደግሞ ጀርባዋን ታሻት ነበር። ሰው ያልሞተበት ሰው ጀርባው ይታሻል?» አለች።

«ዘፈን ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ዘፈን ነው ያስለቀሰኝ። ማንም አልመጣም። ምንም አልሰማሁም።»

 ከዚያ ስኳር የያዘችው ሴት፣ «ዘፈን ያስጨፍራል እንጂ ያስለቅሳል?» አለች።

«የጃፓን ነው።»

«ጃፓን ደግሞ ምን ጎድሏት ነው የምታለቅሰው? መኪናው ሁሉ የእሷ አይደል እንዴ!»

«ልጅቷ እናቷን ልታሳርፍ ነው» አለች ሌላዋ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። «እውነቱን በኋላ ልትነግራት ነው። እኔም እህቴን እንደዚህ አድርጌያት ነበር።»

እናቴ ይኼን ስትሰማ ተንገዳገደች። ሀቦባ ከጎኗ ነበረችና በክርኗ ደገፈቻት። ከዚያ ሀቦባ ወደ እኔ ዞረች።

«ዝፈኚው» አለችኝ።

«እዚህ?»

«ታዲያ የት? ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ወይ ፋቲሃ እንቀራለን ወይ እጃችንን እንሰበስባለን። ዝፈኚውና እንስማው። እውነት የሚያስለቅስ ከሆነ እናውቀዋለን።»

በዚያች ሰዓት የገባኝን ፍርሃት ዛሬም መግለጽ ያቅተኛል። ካልዘፈንኩ አያምኑኝም። ዝፈኚ ያሉኝ ያ ዘፈን ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በፊት ያስለቀሰኝ ነው። እዚያ መሃል አንድ ጠብታ ከዓይኔ ከወጣች አሥራ አምስት ሴት ፋቲሃ ትቀራለች፤ ወንድሜ ደግሞ የትም ይሁን የት ይሞታል። እንዲህ ነበር የማምነው።

የእናቴን እጅ ማየት ጀመርኩ። ፊቷን እንዳላይ ነው። ሊጡ ጣቶቿ ላይ እየደረቀ፣ እየተሰነጠቀ ነበር። ስንጥቁን እየቆጠርኩ ዘፈንኩ። ድምፄ መጀመሪያ አልተሰማም፤ ሀቦባ «ጮክ!» አለችኝ። ጮክ አልኩ። ከትንሿ ጣቷ እስከ አውራ ጣቷ፣ ከዚያ ወደ ክንዷ። ዜማው ከፍ ወደሚለው ቦታ ስደርስ ምላሴን ነከስኩት። አለፈ። ጨረስኩ። ዓይኔ ደረቅ ነበር፤ አፌ ውስጥ ግን የደም ጣዕም ነበረ።

 የጎረቤት በግ እንኳ ሲያመነዥክ ይሰማል።

ሀቦባ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ቃሉን አላውቀውም» አለች፣ «ግን ሰው ሲሄድ ነው ይኼ። የሸኚ ነው እንጂ የቀባሪ አይደለም። እኔ ስንቱን ቀብሬያለሁ፣ ልዩነቱን አውቃለሁ።» ከዚያ የተዘረጉ መዳፎቿን አንዱን በሌላው ላይ ጥላ ዘጋቻቸው። «እጃችሁን ሰብስቡ። እዚህ ቤት የሞተ የለም።»

አንድ በአንድ እጃቸው ወረደ።

«ስኳሬንስ?» አለች ያቺ ሴት።

«ስኳሩማ ገብቷል» አለች ሀቦባ። «ሻይ ይፈላ። ለጃፓን ለቅሶ ደርሰናል።»

አንዳንዶቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ሁሉም ከሄዱ በኋላ እጇን ለረጅም ጊዜ ታጠበች። «ያን ዘፈን እኔ ባለሁበት እንዳትደግሚው» ብቻ ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ዘፈኑን ላስቀይር ወስኜ ሄድኩ። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሳሰናዳ አድሬ ነበር። ቲቸር ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላ ነጭ ጨርቅ በመቀስ ትቆርጣለች፤ ለሁላችንም አንገት ላይ የሚታሰር አበባ እየሠራችልን ነው።

«ቲቸር፣ ዘፈኑ ይቀየር።»

«ለምን? አንተ መረጥክ።»

«ሰው ያለቅሳል።»

ፊቷ በራ። «አዎ! አዎ! ያለቅሳል! ትናንት አንተ አለቀስክ፣ እኔ በጣም ደስ አለኝ። ጥሩ መረጥክ።»

ከዚያ በላይ የማስረዳበት አማርኛ ለእሷም ለእኔም አልነበረንም። እናቴ ካለቀሰች ወንድሜ ይሞታል ብዬ እንዴት ላስረዳት? መቀሱን ተቀብዬ ጨርቅ መቁረጥ ጀመርኩ።

የቀረኝ እናቴን ማስቀረት ነበር። «ዩማ፣ ምርቃቱ ላይ ባትመጪስ?» አልኳት። «ፀሐይ ነው፣ ይረዝማል፣ በአማርኛ ነው።»

አንገቷን ሳታዞር፣ «የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሊሄድ ነው» አለችኝ። «እኔ ብቀር ምን የሚሉኝ ይመስልሻል? ቤቷን ዘግታ እያለቀሰች ነው፣ ነው የሚሉኝ።»

እውነቷን ነው። ብትመጣም ፈራሁ፣ ብትቀርም ፈራሁ። በቀሩት ቀናት ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘፈኑን ለማደንዘዝ ሞከርኩ። ውኃ ልቀዳ ስሄድ እዘፍነዋለሁ፣ እንጨት ስሰብር እዘፍነዋለሁ፣ ስጠርግ እዘፍነዋለሁ፤ እናቴ በማትሰማበት ቦታ ሁሉ። ብዙ የታኘከ ነገር ጣዕሙ ይጠፋል ብዬ ነው። ለእኔ ጠፋልኝ። ለሚሰማው ሰው ግን ገና አዲስ ነበር።

የምርቃቱ ቀን ወላጆች ትምህርት ቤቱ ግቢ ያለው ማንጎ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሰፈራችን ሴቶች ተሰብስበው በአንድ ላይ መጡ፤ እናቴን መሃል አድርገው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተደረደሩ። ሀቦባ የእናቴን የግራ እጅ አንጓ ይዛለች። የትኩሳት ሕመምተኛ የደም ሥር እንደሚያዝ ነው የያዘችው። ርዕሰ መምህሩ ንግግር አደረጉ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ቲቸር በትንሿ መሣሪያ መነሻውን ነፋችልኝ።

ጀመርኩ። ሌሎቹ ገቡ።

ከፊት ረድፍ ያሉት የሰፋሪዎቹ እናቶች ሁለተኛው ስንኝ ላይ ማልቀስ ጀመሩ። ለእነሱ የደስታ እንባ ምንም ችግር የለበትም። የወሎዬዋ ጓደኛዬ እናት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ትንሰቀሰቃለች። አንድ አባት ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። የቲቸር ፊት ረጥቦ መሣሪያዋን መንፋት አቃታት። በአገሯ እንደሚሆነው ሁሉም እየሆነ ነበር።

የሰፈራችን ሴቶች ግን አንዲትም አላለቀሰችም። መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ አየሁ። ስኳር ያመጣችው ሴት የቶቧን ጫፍ ነክሳ ሰማይ ታያለች። ክፍል የምትጠርገዋ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቁርዓን እየቀራች ይሁን እየቆጠረች አላውቅም። አንዷ ትስላለች፣ ውሸቷን ነው። ተነጋግረው ነው የመጡት። አንዷ ካለቀሰች እናቴ መያዝ እንደማትችል ያውቃሉ፤ እናቴ ካለቀሰች ደግሞ እነሱ ራሳቸው እጃቸውን መዘርጋት አለባቸው። ያን ላለማድረግ አሥራ አምስቱም እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል።

እናቴ እኔን አታየኝም። ከራሴ በላይ ያለውን የክፍሉን ቆርቆሮ ነው የምታየው። ዜማው ከፍ ወደሚለው ቦታ ስንደርስ አገጯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓይኗ ውስጥ ውኃ ሲሞላ ከቆምኩበት ይታየኛል። አልወረደም፤ ጠርዙ ላይ ቆሟል። የሀቦባ ጣቶች የእናቴ አንጓ ላይ ሲጠብቁ አየሁ። የምዘፍነው እኔ ሳልሆን አፌ ብቻ ነበር። «አትውረጂ፣ አትውረጂ» እላለሁ በልቤ፣ ለዚያች ውኃ። ዘፈኑ ሲያልቅ እናቴ ዓይኗን አንዴ በሰፊው ከፈተች፣ ነፋስ እንዲያደርቀው ያደረገችው ይመስላል። ከዚያ ደረቀ።

ጭብጨባው ሲያበቃ ቲቸር ወደ እኔ መጣች። አፍንጫዋ ቀልቷል። ወደ ሰፈራችን ሴቶች እያየች፣ «እናትህ... አልወደደም?» አለችኝ። «እነዚያ ሁሉ... ልባቸው አልተነካም?»

«በጣም ተነክቷል፣ ቲቸር» አልኳት። አላመነችኝም። አንገቴ ላይ የላላውን የጨርቅ አበባ አጥብቃ አሰረችልኝና ሄደች። ከአንድ ወር በኋላ አገሯ ተመለሰች፤ ዘፈኑ ለእኛ ሰዎች አልሆነም ብላ ሳታስብ አልቀረችም። እስከ ዛሬ ከሚቆጨኝ ነገር አንዱ እሱ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሴቶቹ ወደ ገበያ ታጠፉ፤ እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። ሰው የሌለበት ቦታ ስንደርስ ቀስ አለች።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ዘፈኑ ነዋ። ከፍ የሚለው ጋ። ሦስቴ የምትደጋግሙት።»

እዚያ ቦታ ያለው ቃል «ሚቺ ዋ ቶኩ» ነው። ቲቸር አስረድታኛለች፤ መንገዱ ሩቅ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የሄደው ሰው ተመለሰ አይልም፣ አልተመለሰም አይልም። እናቴ ቆማ ትጠብቀኛለች። ፀሐዩ ከኋላዋ ስለነበር ፊቷ በደንብ አይታየኝም።

«ይመለሳል ይላል» አልኳት።

«ማ? የሄደው?»

«የሄደው። ይመለሳል፣ ይመለሳል፣ ይመለሳል።»

 ጥቂት ሄደን፣ «እስቲ ቃሉን በይልኝ» አለችኝ። አልኩላት። ከኋላዬ ደገመችው። ሁለቴ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ያዘችው።

ስምንተኛን ጨርሼ ትምህርቴን አቆምኩ፤ እናቴን ብቻዋን ቤት መተው አልሆነልኝም። ከወንድሜ ዘንድ እስከ ዛሬ ወሬ የለም። እናቴ አርጅታለች። ማሽላ ስትወቅጥ፣ ባሚያ ስትከትፍ፣ አጥር ስትጠግን ያቺን ስንኝ ታንጎራጉራለች። ስትጨርሳት ፊቷ ይረጋጋል። ሀቦባ በሞተች ሰሞን እንኳ እናቴ ያቺኑ ስንኝ ስታዜም ሰምቻታለሁ። ለጎረቤት ልጆችም አስተምራቸዋለች፤ «ይመለሳል ማለት ነው፣ በጃፓን» ትላቸዋለች።

ባለፈው ዓመት ከተማው ውስጥ ሁለት ጃፓኖች ታዩ አሉ፤ መንገድ ሊያጠኑ ነው የመጡት። እናቴ ይኼን ስትሰማ ቶቧን አስተካክላ፣ «ልሂድና ልዝፈንላቸው፣ ደስ ይላቸዋል» አለች። ምጣዱ ላይ የነበረውን ትቼ ሮጥኩ። በሩ ላይ ያዝኳት። እግሬ አመመኝ አልኳት፣ ራሴን አዞረኝ አልኳት፣ የመጣልኝን ሁሉ አልኳት። ጃፓኖቹ እስኪሄዱ አራት ቀን ታምሜ ተኛሁ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዘች፣ ያቺኑ ስንኝ እያዜመች አስታመመችኝ።